የእድሩ አካፋ በግንቦት ይውጣ

በባሕረ ሐሳቡ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ደብረ ሲና ላይ ግን ክረምት መግባቱ የሚታወቀው ጣርማ በርን የሚወጡና የሚወርዱ መኪኖች በቀትር መብራት ማብራት ሲጀምሩ ነው። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ወግቶ ካወጣው ዋሻ ብቅ ያለ ተሳፋሪ ከጉሙ በቀር የሚያየው የለም። ቁልቁለቱን ጨርሶ ከተማው ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው የቆሎ ሻጮቹን ድምፅ ነው። ላስቲክ ደርበው፣ ቆሎውን በሌላ ላስቲክ ሸፍነው፣ በመኪናው መስኮት ሥር ይሯሯጣሉ። ዝናብ ነው ብሎ የሚቀር የለም፤ በክረምት የቀረ የዕለት ጉርስ በበጋ አይካስም።

ሰሞኑን የከተማው ወሬ ብዙ ነው። ፍልሰታ ገብቷል፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው በጭቃው ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣሉ። ቡሄ ስለደረሰ ጅራፍ የሚገምዱ ልጆች በየደጃፉ ተኮልኩለዋል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ተፈትነው ተመልሰዋል፤ እናቶቻቸው አሁን የሚጠብቁት ውጤቱን ነው። ገበያው እንደ ወትሮው የሐምሌና የነሐሴ ገበያ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ጎተራው ሥር ደርሷል፣ አዲሱ ገና አረንጓዴ ነው፣ በመካከሉ ያለውን ዋጋ ሸማች ሁሉ ያውቀዋል። ስለ እያንዳንዱ ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቦይ ነው።

ከተማችን በገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለች ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚረጋበት ሜዳ አያገኝም። ከላይ ያለው ሰፈር ጣሪያ ላይ የወረደው ዝናብ በአሸንዳ ወርዶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ በመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል። ቦዩ ክፍት ሲሆን ይህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ቦዩ ግን ክፍት አይደለም። እያንዳንዱ ግቢ በሩ ላይ ለመግቢያ የሚሆን ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ጥሎበታል፤ በዚያ ሥር ያለው ቀዳዳ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይሄዳል። በበጋ የሚደፋው አመድ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳው፣ የጫቱ ገረባ፣ ከሁሉም በላይ ፌስታሉ፣ እዚያ ጠባብ አፍ ላይ ይሰበሰባል። ከላይ የሚመጣው ደለል ደግሞ ይለስነዋል። በሐምሌ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ውሃው መግቢያ ያጣና ቦዩን ዘሎ መንገዱ ላይ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እያንዳንዳችን ዓይተናል። ኮብልስቶኑ የተነጠፈው በአሸዋ ላይ ነው፤ ጎርፉ በድንጋዮቹ መካከል ገብቶ አሸዋውን ያጥበዋል፣ መጀመሪያ አንዱ ድንጋይ ይነቃነቃል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ በሳምንቱ መንገዱ ላይ ጉድጓድ ይከፈታል። ውሃው ግን መንገድ አበላሽቶ አይቆምም። ዝቅ ያለውን ቤት እስኪያገኝ ይወርዳል። ዝቅ ያለው ቤት ደግሞ ሁልጊዜ የደሃ ቤት ነው፤ ቦታው ርካሽ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነውና። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ መሠረቱ አጭር ነው፣ ከሥር የረጠበ ጭቃ ደግሞ ጣሪያ አይሸከምም።

በሐምሌ አጋማሽ አንዲት ቆሎ የሚሸጡ እናት ቤት ጎርፍ ገባ። ሌሊት ነበር። ጎረቤት ሁሉ ባልዲና ጆግ ይዞ ደረሰ፤ እኔም ከደረሱት አንዱ ነበርኩ። ውሃውን ቀድተን አወጣን፣ አልጋውን በድንጋይ ከፍ አደረግን። ለሳምንት ሥራቸው ያስቀመጡት ገብስ ግን ከነማዳበሪያው ርሶ ነበር። ማልደው አወጡትና በሰሌን ላይ ዘረጉት፤ ፀሐይ የምትባል ነገር ግን ለቀናት አልወጣችም። የረጠበ ገብስ ይሸታል፣ የሸተተ ገብስ ቆሎ አይሆንም። እኚህ እናት ለቦዩ መዘጋት ያደረጉት አስተዋጽኦ የለም። ቤታቸው ከታች ነው፤ ወደ እርሳቸው እንጂ ከእርሳቸው ወደ ማንም የሚሄድ ቆሻሻ የለም።

በዚያው ሰሞን በሰፈሩ አንድ ሽማግሌ አረፉ። ጥሩምባው ገና ጎህ ሳይቀድ ተነፋ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ ሰዉ እንዴት እንደወጣ ማየት ነበር። የእድሩ ዕቃ ቤት ተከፈተ፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ወጣ፤ ዶማውና አካፋው ወጣ። ወጣቶቹ የሸሚዛቸውን እጅጌ አጥፈው መቃብሩን ቆፈሩ፣ ውሃ እያጠራቀመ ሲያስቸግራቸው በዚያው አካፋ ወደ ጎን ቦይ ቀድደው አፋሰሱት። ስም ተጠራ። የቀረ ሰው ቅጣቱን ያውቃል። ማንም የወጣበትን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። የመቃብሩን ውሃ ለማፋሰስ ቦይ የቀደደው አካፋ፣ ከዚያ ቦታ ብዙም ሳይርቅ ተዘግቶ የእናቲቱን ቤት ያጥለቀለቀውን ቦይ በግንቦት ሊጠርገው ይችል ነበር። አካፋው ያው ነው። ወጣቶቹም ያው ናቸው። ያልነበረው ጥሩምባው ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ አፉን የሚሞላው «መንግሥት ምን ይሠራል?» በሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትልቅ ማፋሰሻ መሥራት፣ የመንገድ ጠርዝ ማጠናከር የሕዝብ ገንዘብ ሥራ ነው። ነገር ግን በመላ አገሪቱ ያለ አንድ እውነት መታየት አለበት። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው። ቦይ መጠረግ ያለበት በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ነው፤ ይህ ደግሞ የአሮጌው በጀት ማለቂያ፣ የሒሳብ መዝጊያ ወቅት ነው። አዲሱ በጀት ሥራ ላይ የሚውለው ከሐምሌ ጀምሮ ነው፤ ገንዘቡ ወርዶ፣ ግዥው ተፈጽሞ ሥራ እስኪጀመር ዝናቡ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የበጀቱ ዓመት ከዝናቡ ዓመት ጋር የተጋጨበት ቦታ ላይ ነው የምንኖረው። ለታላላቅ ሥራ ይህን ማስተካከል የሚችሉት ሕግና በጀት የሚያወጡት ናቸው። ለቦይ ጠረጋ ግን በጀት እስኪወርድ መጠበቅ አያስፈልግም። በጀት የማይጠብቅ ድርጅት በየሰፈሩ አለን።

እድርን በዚህ ዓይን እንየው። የአባላቱ ዝርዝር በእጁ ነው፤ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን አቅመ ደካማ እንደሆነ፣ ማን ጎልማሳ ልጅ እንዳለው ያውቃል። በየወሩ ይሰበሰባል። የሚያስገድድ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ቅጣቱን ሰው በፈቃዱ ይከፍላል፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው፤ ለእድር ቅጣት ፖሊስ ጠርቶ የሚያውቅ የለም። መሣሪያ አለው። ሰው የሚያምነው ሰብሳቢ አለው። አንድ የልማት ፕሮጀክት እነዚህን ሁሉ ለማቋቋም ስንት ዓመትና ስንት ሥልጠና እንደሚፈጅበት የሠራ ያውቀዋል። እኛ በአያቶቻችን ዘመን ጨርሰነዋል፤ የምንጠራው ግን ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የእድር ዳኛ አቀረብኩላቸው። በዕድሜም በአገልግሎትም የማከብራቸው ናቸው።

«አባቴ፣ አካፋዎቹ በግንቦት አንድ ቀን ቢወጡስ?» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የእድር አካፋ ሞት ሳይጠራው አይወጣም። ያለ ሞት ያወጣነው እንደሆነ ሞት እንጠራለን። ሰዉ ሟርት ነው ይላል፤ እኔም ደስ አይለኝም።»

መልሳቸው ቀልቤን ገዛው። መቃብር ለቆፈረ መሣሪያ ክብርና ፍርሃት መኖሩ የሚያስነቅፍ ነገር አይደለም፤ ሞትን በቀላሉ የማይመለከት ሰፈር ነው እድር ያቆመው። ስለዚህ አልተከራከርኳቸውም። «እንግዲያው ለቦዩ ለብቻ ጥቂት አካፋ ብንገዛስ? ምልክት አድርገንበት፣ ከመቃብሩ ዕቃ ጋር ሳይቀላቀል?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እሱ ሌላ ነገር ነው» አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን የበለጠ ከባድ ነበር፦ «ገንዘቡን ከየት ነው የምትነካው? የእድር ገንዘብ የሬሳ ገንዘብ ነው። ዛሬ ለቦይ ከተነካ ነገ ለስብሰባ ይነካል፣ ከነገ ወዲያ ለማን እንደተነካ አይታወቅም።»

እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ብዙ ጥሩ የጋራ ነገር የፈረሰው ገንዘቡ ከመጣበት ዓላማ ውጭ መውጣት ሲጀምር ነው። ስለዚህ የምለው የእድሩ ሣጥን አይነካ ነው። የሚፈለገው ጉልበት ነው። አካፋውን ለመግዛት ለዚያ ብቻ አንድ ጊዜ ይዋጣ፤ ደረሰኙ በስብሰባ ይነበብ፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚጠየቀው ሰው እንጂ ብር አይሁን። በቀብር ላይ እንደሚደረገው ስም ይጠራ። መምጣት የማይችል ሰው ልጁን ወይም ተወካዩን ይላክ። አቅመ ደካማና አራስ ያለበት ቤት ነጻ ይሁን። ሴቶች በየቤታቸው ቁርስና ቡና አዘጋጁ ተብሎ ሁሉ ነገር በእነርሱ ላይ እንዳይወድቅ ደግሞ ከወዲሁ ይታሰብበት፤ ብዙው የደጃፍ ጥርጊያ ቀድሞም በእነርሱ ጫንቃ ላይ ነው። የዚያን ቀን ቡናውን ወንዶቹ ቢያፈሉት ምንም የሚጎድል የለም።

«እድር ለሞት እንጂ ለሕያው አልተቋቋመም» የሚለውን ክርክር ብዙ ሰው ያነሣል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። ኤችአይቪ ኤድስ ወጣቶቻችንን በየቀኑ በሚወስድበት በዚያ ክፉ ዘመን በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች እድሮች ተሰብስበው ቀብር ብቻ አይበቃም አሉ፤ የታመመውን መጠየቅና መርዳት፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። ደንባቸውን ያሻሻሉም ነበሩ። ያን ያደረጉት ቀባሪዎች ስለነበሩ ነው፤ ሞቱ ከየት እንደሚመጣ ከማንም በፊት የሚያዩት እነርሱ ናቸውና። በክረምትም ያው ነው። ብርድና እርጥበት የሚጥላቸውን ሽማግሌዎች፣ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የሚያስሉትን ሕፃናት፣ ከእድር ዳኛ በላይ የሚያውቃቸው ማን ነው?

በዚህ ጉዳይ ልቤን የሚያስጨንቀው ሌላም አለ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን እናስታውሳለን። ዝናብ የጠገበ ተራራ ተንዶ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት በእጁም በዶማውም እየቆፈረ የተቀበሩትን ሊያወጣ ተሯሯጠ፤ በዚያ ላይ ሁለተኛው ናዳ መጣና ሊያድኑ የመጡትን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ለመርዳት የሮጡት ነበሩ። ያንን ዜና የሰማሁ ቀን ያለቀስኩት ስለ ሞታቸው ብቻ አልነበረም። የዚህ አገር ሰው ጎረቤቱ ሲጠፋ ነፍሱን አይሰስትም። እዚህ ድረስ የሚሄድ ፍቅር ያለው ሕዝብ ከዝናቡ በፊት የሚጠራው ሰው ማጣት የለበትም።

ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ በወረዳችን ይዛባ በሚባለው አካባቢ መሬቱ ተሰንጥቆና ተንሸራትቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱንና ማሳውን ጥሎ ተፈናቅሏል። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ከዚያ ወዲህ ደጋግመው መጥተዋል። ተራራችንንም ቀድሞ ያውቁታል፤ በኢትዮጵያ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች መካከል አንዱን ክፍል በጣርማ በር ስም ነው የሚጠሩት። የሚነግሩን በአጭሩ ይህ ነው፤ ተዳፋቱ ላይ የተከማቸው ልል አፈርና ናዳ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ከሥሩ ካለው አለት ጋር ያለው መያያዝ ይላላል፣ ይንሸራተታል። አካፋ የያዘ እድር የተራራ ናዳ ያቆማል አልልም። ያ የመሐንዲስ፣ የጥናትና ሰውን አስቀድሞ ከአደጋ ቦታ የማንሣት ሥራ ነው። ሆኖም መውረጃ ያጣ ውሃ ሁሉ አፈር ውስጥ ይሰርጋል፤ በተዳፋት ላይ ላለች ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም በየዓመቱ ቦዩን እየዞረ የሚያይ ሰፈር በግድግዳው ላይ የታየውን አዲስ ስንጥቅ፣ በበጋ ያልነበረውን ምንጭ፣ የዘመመውን አጥር ቀድሞ ያያል። እነዚህ ምልክቶች ለሚመለከተው ሰው ቶሎ መነገር አለባቸው።

መቼ ይሁን ለሚለው መልሱ በእጃችን ያለ ይመስለኛል። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ናት። ጎረቤት ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ቂጣውን ጋግሮ፣ ደጅ ወጥቶ አብሮ የሚበላበት ቀን ነው። ከዚያች ቀን እስከ ሰኔ 12 ሚካኤል አርባ ቀን ገደማ አለ። በዓሉን በሥራ እንሻረው አልልም፤ በልደታ ዕለት ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲበላ ቀኑ ይቆረጥ፣ የቦዩም አካፋ ለማን እንደሚሰጥ ይነገር። መጀመሪያ በግንቦት፣ በልግ ያመጣው ደለል ይጠረግ፤ ሁለተኛ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ባሉት ቀናት የተረሳው ይታይ። በየግቢው በር ሥር ያለው ቀዳዳ ግን የዚያ ግቢ ባለቤት ኃላፊነት ነው፤ ጠባብ ሠርቶ ከሆነ አፍርሶ ያስፋ። እዚህ ላይ እድሩ ለስለስ ማለት የለበትም። ፌስታልን የሚከለክለው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ሆኖም ቦይ ውስጥ ያለውን ፌስታል አዋጁ ወርዶ አያወጣውም።

አንድ ነገር ግን አንድ እድር ብቻውን አይወጣውም። ቦዩ ከላይኛው ሰፈር እድር ተነሥቶ የመካከለኛውን አቋርጦ ወደ ታችኛው ይወርዳል። አንዱ ጠርጎ ሌላው ካልጠረገ የላይኛው ቆሻሻ የታችኛውን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። የክርስቲያኑ እድር አለ፣ የሙስሊሙ አለ፣ የተቀላቀለው አለ፣ የሴቶች አለ፤ ውሃው በሁሉም ደጅ ያልፋል። ስለዚህ ዳኞቹ በአንድ ቀን ተስማምተው ከላይ ወደ ታች ተራ ቢይዙ ይሻላል። ጠዋት ከላይ ተጀምሮ፣ ሲመሽ ታች ይደረሳል፤ የላይኞቹም ሥራቸውን ሲጨርሱ ወርደው ታችኞቹን ያግዙ። ገበሬው ደቦ ሲወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፣ እኛም ከዚያው ነው የመጣነው።

የቀረው ቦዩ ከዋናው አስፋልት ሥር የሚያልፍበት ቱቦ ነው። እሱን በአካፋ መክፈት አይቻልም፤ የፌዴራል መንገድ ስለሆነም ያለ ፈቃድ መንካት አይገባም። የሰፈሩ ቦይ ሁሉ ቢጠረግ እንኳ ቱቦው ከተዘጋ ውሃው እዚያ ይቆምና ከአስፋልቱ በታች ያሉትን ቤቶች ያገኛል። ስለዚህ ለመንገዱ ኃላፊ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው በሐምሌ ከተጻፈ የሚመለስለት በመስከረም ነው፤ እስከዚያ ክረምቱ አልፏል። በመጋቢት ይጻፍ፤ የሁሉም እድሮች ማኅተም ይረፍበት፤ ቱቦው የት የት ቦታ እንደተዘጋ በቦታው ስም ይዘርዘር፤ ይዘውት የሚሄዱትም ሦስት ሰዎች ከአሁኑ ይመረጡ። በሚቀጥለው ወር በሚሰበሰበው የሰፈራችን እድር ይህን አንድ ነጥብ በአጀንዳ አስይዛለሁ፤ የሌሎቹ እድሮች አባላትም በየራሳቸው ስብሰባ እንዲያስይዙት እጠይቃለሁ።